አልከፈት ያሉት ሁለት ዘበኞች

ሰኞ 2

የርክክብ ኮሚቴው ዛሬ ፖስታውን ከፈተ። አምስት ክሊኒክ፣ አምስት የይለፍ ቃል። ሦስቱ ወዲያው ገቡልኝ፤ ሁለቱ እምቢ አሉ። እምቢታቸውን ልመዝግብ ብዬ ይህን ደብተር ከመሳቢያ አወጣሁት። መድኃኒት ሻጮች በስጦታ የሰጡን ነው፤ በየገጹ ግርጌ የሳል ሽሮፕ ሥዕል አለበት።

ነገሩን በወጉ ልጻፈው፣ ኋላ ከራሴ ጋር እንዳልከራከር። ሆስፒታላችን በከተማው ውስጥ አምስት ክሊኒኮች አሉት። በእያንዳንዳቸው አንድ ፋየርዎል ተቀምጧል፤ ኔትወርኩን ከውጭ ሰርጎ ገብ የሚጠብቅ፣ የጫማ ካርቶን የሚያህል ሳጥን ነው። እኛ "ዘበኛ" እንለዋለን። የአምስቱንም ዘበኞች ቁልፍ የያዙት አለቃዬ ናቸው፤ ሙያውን ከሀ እስከ ፐ ያስተማሩኝ፣ ጡረታ ሊወጡ ስድስት ሳምንት የቀራቸው ሰው። ሆስፒታሉ በሙሉ "ጋሽ ምስጢር" ይላቸዋል፣ እኔ ጋሼ እላቸዋለሁ። ሲወጡ ቦታቸውን የምይዘው እኔ ነኝ።

ጋሼ የይለፍ ቃል ኮምፒውተር ላይ አያስቀምጡም። በወረቀት ይጽፉና በፖስታ አሽገው ለመዝገብ ቤት ኃላፊዋ ይሰጣሉ፤ እሷ ካዝና ውስጥ ታኖረዋለች። ፖስታው በተከፈተ ቁጥር ቀንና ፊርማ ይመዘገባል። ሁለት ሕግም አላቸው። አንደኛው፣ የይለፍ ቃል ጮክ ተብሎ አይነበብም። ሁለተኛው፣ በአፍ የተነገረ የይለፍ ቃል ፀሐይ ሳትጠልቅ ይቀየራል። "ከአፍ የወጣ አፋፍ" ይላሉ። ስለዚህ ዛሬም ወረቀቱን ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ። ኮሚቴው ፊት አምስቱን መስመሮች ቀድቼ መለስኩት፣ እንደገና ታሸገ።

ሰብሳቢው የአስተዳደር ኃላፊው ናቸው። "በአስቸኳይ" የሚል ቃል የሌለበት ደብዳቤ ጽፈው ስለማያውቁ "አቶ በአስቸኳይ" ተብለው ቀርተዋል። የመዝገብ ቤቱን ደብተር ገለጥ ገለጥ አደረጉና መነጽራቸውን አወረዱ።

"ይኼ ፖስታ ከሦስት ወር በፊት ተከፍቶ እንደገና ታሽጓል። ለምን?"

"የምጽፍበት ነገር ነበረኝ" አሉ ጋሼ።

"ምን?"

"የጻፍኩት እዚያው አለ።"

ስንወጣ ጋሼ ክንዴን ያዝ አደረጉኝና "ልጄ፣ የረሳሽው ነገር የለም?" አሉኝ። ቦርሳዬን ዳበስኩ፤ ስልኬም አለ፣ የቤት ቁልፌም አለ። "ምንም የለም ጋሼ" አልኳቸው።

ማክሰኞ 3

የሁለቱን ቃል አቀያይሬ ሞከርኩ። እምቢ። ትልቁን ፊደል ትንሽ፣ ትንሹን ትልቅ አድርጌ ሞከርኩ። እምቢ። አምስት ጊዜ ከተሳሳትኩ ዘበኛው ለሩብ ሰዓት ያኮርፋል። ዛሬ ስድስት ጊዜ ተኳርፈናል።

የአቶ በአስቸኳይ ደብዳቤ ከምሳ በፊት ደረሰ። በሚቀጥለው ወር 8 የኢንተርኔት መስመራችን ወደ ሌላ አቅራቢ ይዛወራል፤ እስከዚያ አዲሱ አድራሻ አምስቱም ዘበኞች ውስጥ መግባት አለበት። ካልገባ ሁለቱ ተደምስሰው እንደ አዲስ ይዋቀራሉ፣ ክሊኒኮቹ ለቀናት በወረቀት ይሠራሉ፣ የጋሼም መሰናበቻ ደብዳቤ ላይ "ያላስረከቡት ቁልፍ አለ" ተብሎ ይጻፋል። ሠላሳ አንድ ዓመት አገልግለው በዚህ ዓረፍተ ነገር ሊሸኙ ነው! ደብዳቤውን ሳነብ ደሜ ፈላ። ጋሼ ግን አንብበው አጠፉት፣ ከሻይ ብርጭቆው ሥር አደረጉት።

ዓርብ 6

ለእንዲህ ያለ ቀን መላ አለ። ሳጥኑ ይጠፋና ይበራል፤ በበራ በመጀመሪያዋ ደቂቃ፣ በኬብል ከላፕቶፕ ጋር እንደተያያዘ፣ አምራቹ ለጥገና የሰጠው ስምና የሳጥኑ የራሱ መለያ ቁጥር ይጻፍለታል። የጠፋውን ቃል አይነግርም፤ አዲስ ለመተካት ብቻ ይፈቅዳል። መለያ ቁጥሩ ክዳኑ ላይ ተለጥፏል። ችግሩ፣ ሳጥኑ ሲጠፋና ሲበራ ክሊኒኩ ለአሥር ደቂቃ ያህል ከኔትወርክ ይወጣል፤ ስለዚህ የክሊኒኩን ኃላፊ መለማመጥ ግድ ነው።

የገበያው ክሊኒክ ሲስተር ለምሳ ሰዓት ፈቀደችልኝ። ዘበኛው ያለው ዕቃ ቤት ነው፣ በጥጥ ካርቶንና እግሩ በተሰበረ ዊልቸር መሀል። ላፕቶፔን የማኖርበት ባጣ የሕፃናት ሚዛን ላይ አስቀመጥኩት።

"ሁለት ኪሎ ከሦስት መቶ" አለች ሲስተር ጎንበስ ብላ። "ቀጭን ነው። ጡት ጨምሪለት።"

ስስቅ ደቂቃዋ አለፈች። ደገምኩ፣ እምቢ። ሠለስኩ፣ እምቢ።

"የኔ እህት፣ አሥር ደቂቃ ብለሽኝ አርባ አምስት ሆነ እኮ" አለች። "ውጭ ያለው ሰልፍ እኔን ሊበላኝ ነው።"

ኬብሌን ጠቅልዬ ወጣሁ። ጥፋቱ የጣቴ ነው። ቁጥሩ ረጅም ነው፣ እኔ ደግሞ እያየሁ ነው የምጽፈው።

እሁድ 8

ቤት ውስጥ ልምምድ ጀመርን። ልጄ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ የአባቷን ስልክ ይዛ ሰከንድ ትቆጥርልኛለች። "ጀምሪ!" ስትል እንደ እብድ እጽፋለሁ። መጀመሪያ ሃያ ስድስት ሰከንድ ወሰደብኝ፣ ወደ ማታ አሥራ አንድ ደረስኩ።

"በግራ እጄ ብቻ እበልጥሻለሁ" አለችና በለጠችኝ። ቀኝ እጇ ተሰብሮ ጀሶ ውስጥ በከረመ ጊዜ ግራዋን አሠልጥናዋለች።

"የተሰበርኩ ቀን እኮ፣ እማዬ፣ ካቻቪቴ ይዘሽ ነው ትምህርት ቤት የመጣሽው። ጥበቃው አላስገባም ብሎሽ ነበር።"

"ካቻቪቴው ምን አላት" አለ ባለቤቴ። "መነጽሯ ግንባሯ ላይ ሆኖ መነጽሬን አያችሁ ወይ ስትል ነበር።"

እስክንደክም ሳቅን። ያን ቀን ከሥራ እንዴት እንደወጣሁ፣ በምን እንደሄድኩ አላውቅም። ምን እየሠራሁ እንደነበር እንኳ ትዝ አይለኝም።

ሐሙስ 12

ወንዝ ማዶ ክሊኒክ። ስምንት ሰከንድ! ልጄ ብታየኝ በኮራች። እምቢ።

ሁለተኛ፣ ዘጠኝ ሰከንድ። እምቢ። ሦስተኛ ላይ የክሊኒኩ ሐኪም በሩን ከፍቶ ሰዓቱን አሳየኝ፤ ኬብሌን ነቀልኩ።

ጣቴ አይደለም ማለት ነው። የቀረው አንድ ነገር ነው። የጥገናው መንገድ በዘበኛው ባለቤት ሊዘጋ ይችላል፤ አንዳንድ ጠንቃቃ ሰው ይዘጋዋል። ከጋሼ የበለጠ ጠንቃቃ ደግሞ ማን አለ? ቢሮ ስመለስ ጠየቅኳቸው።

"አልዘጋሁም" አሉ።

"እርግጠኛ ነዎት ጋሼ?"

"ልጄ፣ የዘጋሁትን በር አውቃለሁ።"

አመንኳቸው። ማለት፣ ቢሮ ውስጥ ሳለሁ አመንኳቸው። አውቶብስ ውስጥ ግን ትንሽ ተጠራጠርኩ፤ ይኸው ጻፍኩት፣ ደስ አይልም።

ሰኞ 16

ካፍቴሪያ። ከኋላዬ የሒሳብ ክፍል ሰዎች ናቸው።

"ሽማግሌው ቁልፉን የደበቀው በኮንትራት እንዲመልሱት ነው።"

"ፖስታውን ራሱ አስከፍቶ ራሱ አሽጎ! ይኼማ ግልጽ ነው።"

ዞር ብዬ "ጨው ታቀብሉኛላችሁ?" አልኳቸው። ጨው የጠየቅኩት ለሻይ መሆኑን ያስተዋልኩት ኋላ ነው።

ባለቤቴ ፀጉር አስተካካይ ነው፤ ወሬ ከእኔ ቀድሞ እሱ ዘንድ ይደርሳል። የሆስፒታሉ ሾፌር ጢሙን እየተላጨ ያንኑ ነግሮታል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ ጋሼ ምናልባት አልሰሙም ብዬ ራሴን አጽናናሁ።

ከሰዓት በኋላ አዲሱን የተማሪ ሐኪሞች ኮምፒውተር ስናስተካክል እንደገና "የረሳሽው ነገር የለም?" አሉኝ። ጃንጥላዬን ረስቼ ነበር። እንዴት እንዳወቁ እንጃ!

ረቡዕ 18

ዛሬ ፊት ለፊት ጠየቅኳቸው። "ጋሼ፣ ፖስታውን ያኔ ለምን አስከፈቱት?"

ብርጭቋቸውን አስቀመጡ። "አንቺ ለምን ይመስልሻል?"

"እኔ ምን አውቄ!"

"ዓይኔን ቀዶ ሕክምና አድርጌ በተመለስኩ በሳምንቱ ነው። ተኝቼ ሳለሁ ደውለሽልኝ ነበር፤ ትዝ ይልሻል?"

"አዎ፣ ዓይንዎን እንዴት ነዎት ልል።"

"እሱንም ጠይቀሽኛል" አሉ።

ወዲያው የራጅ ክፍል ማተሚያ ወረቀት ጎረሰ ተብዬ ሮጥኩ። ስመለስ ወጥተዋል።

ያን ሰሞን ሁለት ሳምንት ሙሉ ብቻዬን ነበርኩ። የዓመቱን አቧራ ማጽዳት እንኳ ብቻዬን ነው የጨረስኩት፤ አንድም ክሊኒክ አላጉረመረመም። ይህን ለራሴ ሳስታውስ ልቤ ሞላ። ጋሼ ግን ዛሬ ሲያዩኝ የሆነ ነገር የሚጠብቁ ይመስሉ ነበር። ሻይ ጋብዣቸው አላውቅም፣ ሁልጊዜ እሳቸው ናቸው የሚከፍሉት። ነገ እጋብዛቸዋለሁ።

ሐሙስ 19

ጋበዝኳቸው። ኬክ ጨምሬ። አሁንም የሚጠብቁ ይመስላሉ።

ማክሰኞ 24

ጉድ ፈላ!

የንብረት ክፍሉ ሰውዬ ለጋሼ ክሊራንስ ዕቃ ሊቆጥር አምስቱንም ክሊኒክ ዞረ። ወንበር ተገልብጦ ቁጥሩ ካልታየ ወንበር ነው ብሎ የማያምን ሰው ነው። ከሰዓት በኋላ መዝገቡን ታቅፎ፣ ላብ በላብ ሆኖ ገባ።

"እህቴ፣ ዕቃ ተለዋውጧል! መለያ ቁጥሩ በ17 የሚያልቀው ዘበኛ የገበያው፣ በ62 የሚያልቀው የወንዝ ማዶው ነው፤ እኔው ራሴ ነኝ ያስረከብኩት። ሄጄ ሳይ 62ቱ ገበያ፣ 17ቱ ወንዝ ማዶ ተቀምጧል። ያለ ዝውውር ቅጽ! ሽማግሌው ቁልፍ ብቻ ሳይሆን ንብረትም ያዛውራሉ እንዴ?"

"ሳጥኖቹ ቢቀያየሩማ ክሊኒኮቹ አይሠሩም ነበር" አልኩት ተቆጥቼ። "እያንዳንዱ የተዋቀረው ለራሱ ክሊኒክ ነው። ቁጥሩን የት ነው ያየኸው?"

"የት ይታያል? ክዳኑ ላይ ነዋ!"

ሳጥኖቹ በየቦታቸው ናቸው። የተለዋወጡት ክዳኖቹ ብቻ ናቸው። ሦስት ሳምንት ሙሉ ለእያንዳንዱ ዘበኛ የጎረቤቱን ቁጥር ስነግረው ነው የከረምኩት!

ሰውዬውን አቅፌ ልስመው ምንም አልቀረኝ። መዝገቡ መሀላችን ስለነበር ተረፈ።

ረቡዕ 25

ተከፈተ!

ገበያ፣ ምሳ ሰዓት፣ ላፕቶፑ ሚዛኑ ላይ፣ ሲስተር በሩ ላይ ሰዓት ይዛ። የወንዝ ማዶውን ክዳን ቁጥር ጻፍኩ። ሰባት ሰከንድ። ዘበኛው አንድ ጊዜ አሰበና "አዲስ የይለፍ ቃል ያስገቡ" አለኝ። እኔ ጮኽኩ፣ ሲስተር አጨበጨበች፣ ሰልፈኛው ምን ተወለደ እያለ አንገቱን አስገባ።

"ወንድ ነው፣ ሴት?" አለች አንዲት እናት።

"ዘበኛ!" አልኳት።

በአሥር ሰዓት የወንዝ ማዶውም ተከፈተ። ቢሮ ሮጬ ለጋሼ ነገርኳቸው። እጄን በሁለት እጃቸው ይዘው ሳቁ፤ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር፣ ወይ የቀዶ ሕክምናው ነው። "ክዳን ተለዋውጦ ነው ጋሼ! ክዳን!" አልኳቸው። "ክዳን እንዴት ይለዋወጣል?" አሉኝ። "እኔ እንጃ፣ ፋብሪካው ይሆናል" አልኩ።

ዓርብ 27

የንብረት ክፍሉ ሰውዬ ክዳኖቹ በየሳጥናቸው ካልተመለሱ ክሊራንሱን አልፈርምም አለ። ይሁን። ነገ ከሰዓት በኋላ ክሊኒኮቹ ሲዘጉ ሁለቱንም ወደ ቢሮ አምጥቼ እመልሳቸዋለሁ። የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው።

ፋብሪካው ሊሆን እንደማይችል እያወቅኩ ነው። ሰውዬው ሲያስረክብ ቁጥሩ ትክክል ነበር።

ቅዳሜ 28

የወንዝ ማዶው ሳጥን ውስጥ፣ ክዳኑ ሥር፣ የታጠፈ ወረቀት አገኘሁ። ሁለት የይለፍ ቃል። የገበያው፣ የወንዝ ማዶው።

የእኔ እጅ ጽሑፍ ነው።

ዛሬ ሌላ አልጽፍም።

እሁድ 29

ሁሉም ነገር ተመልሶ መጣልኝ፤ ባይመጣ ይሻለኝ ነበር።

የዓመቱን አቧራ ያጸዳሁበት ቀን ነው። ሁለቱ ክሊኒኮች ለፀረ-ተባይ ርጭት ስለተዘጉ ሁለቱንም ዘበኞች ቢሮ አምጥቼ፣ ክዳናቸውን አውልቄ፣ ጎን ለጎን ጠረጴዛ ላይ አኑሬያቸው ነበር። አቧራውን ነፋሁ። ማራገቢያው በደንብ መዞሩን ለማየት ክዳናቸው እንደተከፈተ አበራኋቸው፤ የሙቀቱን ልክ ለማንበብ ወደ ውስጥ መግባት አስፈለገኝ። ጋሼ ጋ ደወልኩ። ዓይናቸው ታሽጎ፣ ሌላ ሕመምተኛ አጠገባቸው ተኝቶ፣ ሁለቱን ቃል በሹክሹክታ ነገሩኝ። አዎ፣ ከዚያ ዓይንዎስ አልኳቸው።

በአፍ የተነገረ ፀሐይ ሳትጠልቅ ይቀየራል። እኔ ደግሞ ታዛዥ ነኝ! እዚያው ቀየርኳቸው፣ ፖስታው ውስጥ ላስገባ በወረቀት ጻፍኳቸው፣ ወረቀቱን ሳጥኑ ጠርዝ ላይ አኖርኩ። ስልኬ ጮኸ። "ልጅሽ ከደረጃ ላይ ወድቃ እጇ ተሰብሯል።"

ከዚያ በኋላ ያለውን ልጄ ነግራኛለች፤ ካቻቪቴ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው ለእኔ ነው፤ እኔ ግን ያፈሰስኩት ከሦስት ወር በላይ ሳላየው ቀረሁ። ክዳኖቹን እንዳገኘኋቸው ገጥሜ፣ ወረቀቱን ውስጥ ቀብሬ ሮጥኩ። በማግስቱ ሳጥኖቹን፣ ከሥራቸው የተለጠፈውን የክሊኒክ ስም እያየ፣ የወሰደልን ሾፌሩ ነው። እኔ ሆስፒታል ነበርኩ፣ ልጄ አጠገብ።

ሁለቱ ቃላት ምን እንደነበሩ እዚህ አልጽፍም። ሕግ ሕግ ነው።

አሁን ዘበኞቹ ተከፍተዋል፣ ክዳኖቹ ተመልሰዋል፣ መስመሩ በሰዓቱ ይዛወራል። ወረቀቱን ያየው የለም። ማንንም የሚጎዳ አይደለም፤ ያለፈ ነገር ነው። ልጄ እራት ላይ "እማዬ፣ ለምንድነው የማትበዪው?" አለችኝ። አሞኛል አልኳት።

ሰኞ 30

አቶ በአስቸኳይ ቢሮ ተጠራሁ። ሁለት ደብዳቤ አርቅቀዋል፣ ዓርብ ኮሚቴው ፊት ይነበባል። አንዱ ለእኔ የምስጋና ነው፦ "በብርቱ ጥረትና በሙያ ብቃት።" ሌላው የጋሼ መሰናበቻ ነው። በመጨረሻው መስመር "የሁለት ክሊኒኮች ቁልፍ እርሳቸው ያላስረከቡት ሆኖ በተተኪያቸው ጥረት ተገኝቷል" ይላል።

"ይቺ መስመር ብትቀርስ?" አልኳቸው።

"እውነት አይደለም?"

መልሱ ነበረኝ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። "እስቲ ያስቡበት" ብቻ ብዬ ወጣሁ።

ረቡዕ 2

አልነገርኩም። ሥራ በዝቶ ነው።

ሐሙስ 3

ዛሬም። ጋሼ መሳቢያቸውን እያጸዱ ነበር፤ ያረጁ ኬብሎች፣ የደረቀ እስክሪብቶ፣ መጀመሪያ የተቀጠርኩ ጊዜ የሣልኩላቸው ጠማማ የኔትወርክ ንድፍ። አስቀምጠውት ኖሯል። "ይኼን አልጥልም" አሉና ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት። የረሳሁት ነገር እንዳለ አልጠየቁኝም። በዚህ ሁሉ ሳምንት ሳይጠይቁኝ የቀሩት ዛሬ ብቻ ነው።

ማታ ለባለቤቴ ነገርኩት። መቀሱን ዘይት እየቀባ ሰማኝ። "ሥራሽን ያሳጡሻል?" አለ። ምናልባት ቦታውን፣ አልኩት። "ታዲያ ነገ የምትለብሺውን ልተኩስልሽ?" አለኝ። ከልቤ ወደድኩት።

ዓርብ 4

ደብዳቤዎቹ ከመነበባቸው በፊት እጄን አወጣሁ። ተማሪ ይመስል። ወረቀቷን ጠረጴዛው ላይ አኖርኩ፣ ጽሑፏን ወደ ታች አድርጌ።

"ይቺ ከወንዝ ማዶው ሳጥን ውስጥ የወጣች ናት። የሁለቱን ክሊኒኮች የይለፍ ቃል የቀየርኩት እኔ ነኝ። ክዳኖቹንም ያለዋወጥኩት እኔ ነኝ። ከዚያ ረሳሁት። ጋሼ ምንም አልደበቁም። አይጥ በበላ ዳዋ እየተመታ ነው የከረመው፤ አይጧ እኔ ነኝ።"

መጀመሪያ የተነፈሰው የንብረት ክፍሉ ሰውዬ ነው።

"ስለዚህ የዝውውር ቅጽ አያስፈልግም?" አለ፣ ፊቱ በርቶ።

አቶ በአስቸኳይ የምስጋናውን ደብዳቤ አዩት፣ እኔን አዩኝ፣ እስክሪብቷቸውን አወጡና "ምስጋና" የሚለውን ሰርዘው "ማስጠንቀቂያ" ብለው ጻፉ። ሌላው ቃል ብዙም አልተቀየረም፤ በብርቱ ጥረት የሚለው እንኳ ቀርቷል። ከዚያ ከጋሼ ደብዳቤ የመጨረሻዋን መስመር በሁለት ስረዛ አጠፉ። ያቺን ስረዛ ሳይ ማስጠንቀቂያው ምንም አልመሰለኝም።

"ቦታውን ግን እንደገና ማየት አለብን" አሉ።

ጋሼ ተነሡ። በስብሰባ ላይ ሲነሡ አይቼ አላውቅም። "ሠላሳ አንድ ዓመት እዚህ ቤት ስሠራ ጥፋቱን ራሱ ይዞ የመጣ ሰው ስንት አይተናል? ቁልፍ ለማን ልትሰጡ ነው?" አሉና ተቀመጡ። ቦታው የእኔ ሆነ።

ደረጃው ላይ "አስታወስሽ?" አሉኝ።

"ጋሼ! ያውቁ ነበር እንዴ?"

"ዓይኔ ገና መዳኑ ነው፣ እኔ ምን አያለሁ" አሉና እየሳቁ ወረዱ። ስንት ጊዜ ብጠይቃቸው ከዚህ የዘለለ አልተናገሩም። ዝም አይነቅዝም ብለው ያደጉ ሰው ናቸው።

ማክሰኞ 8

መስመሩ ተዛወረ። አምስቱም ዘበኞች በአዲሱ አድራሻ ሰላም አሉ። የገበያዋ ሲስተር ደውላ "ልጁ እንዴት ነው?" አለችኝ። "ክብደት ጨምሯል" አልኳት።

ሰኞ 14

ጋሼ ዛሬ ወጡ። ክሊራንሱ ላይ አሥራ አራት ፊርማ፣ አንድም ቅሬታ የለም። የሒሳብ ክፍል ሰዎች ሳይቀሩ እጃቸውን ለመጨበጥ ተሰለፉ። ካፍቴሪያ ውስጥ ያወራው ሰውዬ ሲደርሰው ጋሼ "ሻይህ ጨው አልበዛበትም?" አሉት። ሰምተው ኖሯል። ሁሉንም ሰምተው ነበር። ባዶ ቦርሳ ይመስል ቀለል ብለው በሩን አለፉ፣ እኔ ግን መጸዳጃ ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

ከዚያ የመጀመሪያ ሥራዬ። አምስቱን ቃላት ቀየርኩ፣ በወረቀት ጻፍኩ፣ አሸግኩ። መዝገብ ቤት አንድ ልማድ አለ፤ አዲሱ ፖስታ ሲገባ አሮጌውን ወረቀት አዲሱ ቁልፍ ያዥ በገዛ እጁ ቀዳዶ ይጥላል፣ ኃላፊዋ አይታ ትፈርማለች። የጋሼን ፖስታ ሰጠችኝ። ወረቀቱን አወጣሁ። አምስቱ መስመሮች ከላይ፣ ከሥር ባዶ፤ ያን ቀን ኮሚቴው ፊት እንደቀዳሁት።

ልቀደው ስይዘው ወደ መስኮቱ ዞር አልኩ። ብርሃኑ ከጀርባው ጽሑፍ አሳየኝ። ግርጌው ላይ፣ በጋሼ እጅ፣ ከሕክምናቸው በተመለሱ በሳምንቱ የተጻፈ፦

"እኔ ባልኖር ይህን ላገኘ፦ የገበያውና የወንዝ ማዶው ተቀይረዋል። የቀየረችው ልጄ ናት፤ ሕጌን አክብራ ነው። በዚያው ቀን ልጇ እጇ ተሰብሮባታል። ስታስታውስ ራሷ ትናገራለች። እስከዚያ አትጠይቋት።"

ከአራት ወር በላይ ካዝና ውስጥ ነበር። ሰዎች የጋሼን ስም ሲያነሡና ሲጥሉ፣ እኔም አውቶብስ ውስጥ ስጠራጠራቸው፣ ይህ ወረቀት እዚያው ነበር። "የጻፍኩት እዚያው አለ" ብለው ነግረውናል እኮ! ማናችንም አላገላበጥነውም፤ በእጄ የያዝኩት እኔ እንኳ።

ወረቀቱን መሀል ለመሀል ቀደድኩት። የላይኛውን፣ ቃላቱ ያሉበትን፣ ፊደል ከፊደል እስከማይለይ ድረስ በጣጠስኩ። የታችኛውን ያዝኩ።

"ሙሉው ነው መቀደድ ያለበት" አለች ኃላፊዋ።

"ቁልፍ ያለበትን ቀድጃለሁ።"

ፊቴን አየችና ደብተሯን ወደ ራሷ ሳበች፣ "ተቀዷል" ብላ ፈረመች።

ይኸው እዚህ ገጽ ላይ፣ ከሳል ሽሮፑ ሥዕል በላይ ለጥፌዋለሁ። ሙጫው እስኪደርቅ ደብተሩን ክፍት ትቼዋለሁ።